የአማቴ ጉልበት እና የመንግሥት ወንበር

ሰው ሁሉ የሚሄድበት፣ ሰው ሁሉ ግን ሄዶ እንደማያውቅ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ጓሮ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለሆነ ምሳ ላይ ያላችሁ በልታችሁ ተመለሱ፤ እኔ አልቸኩልም። አናጢ ነኝ። አናጢ ከቸኮለ ጣቱን ነው የሚቆርጠው።

ቦንጋ ውስጥ በር፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ። ደንበኞቼ ምላሴ ከመጋዜ ይብሳል ይላሉ። ይበሉ። ከሬሳ ሣጥን ደንበኞቼ እስካሁን አንድም ቅሬታ አልሰማሁም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ለሕፃን በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል፤ እኔ ሞኙ ወረቀቱን ያዝኩና እስከ ዛሬ አልለቀቅኩም። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ስሜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራሁት ዕቃ ሁሉ ላይ ስሜን በመሮ እቀርጻለሁ። የሬሳ ሣጥን ላይም ጀምሬ ነበር። አንድ ለቀስተኛ አንብቦ "ውይ፣ እሱም ሞተ?" ብሎ ወሬውን ካዳረሰብኝ በኋላ ተውኩት። ያን ቀን ስለ እኔ ያለቀሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም በራቸው ገና አላለቀም ነበር።

ወደ አማቴ ልመለስ። እማማ አማረች የሺሺንዳ ሰው ናቸው። ባላቸው ካረፉና ጉልበታቸው እምቢ ካለ በኋላ ልጃቸው ዘነበች፣ ሚስቴ ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ አመጣቻቸው። እኔና እማማ እንከባበራለን። በጣም ስለምንከባበር አንነጋገርም። በእኛ ቤት አማትና አማች ፊት ለፊት ማውራት ነውር ነው፤ ሁሉ ነገር በዘነበች በኩል ያልፋል። ክንድ በማትሞላ ርቀት ተቀምጠን "ዘነበች፣ ባልሽ ቆጮ ይጨምር በዪው" ይላሉ። "ዘነበች፣ እማማን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው" እላለሁ። ዘነበች ገበያ ብትሆንም እንላለን። የዚያን ጊዜ የምንነግረው ለበሩ መቃን ነው። መቃኑን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ታማኝ ነው፣ ወሬ አያዛንፍም።

ክረምቱ ሲገባ እማማ ውሃ መጠጣት አቆሙ። "አይጠማኝም" ይላሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው ከንፈራቸውን አስነክተው ይመልሱታል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ትዕግስት የምትባል፣ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፣ ቤት ድረስ መጣች። የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

"እማማ፣ ውሃ አይጠጡም እንዴ?"

"አይጠማኝም ልጄ።"

"ሳይጠማዎትም ይጠጡ። እንዲህ ከቀጠሉ በሌላ ጊዜ ሲወድቁ የሚነሱ አይመስለኝም።"

ትዕግስት እንደወጣች ዘነበች ወደ ሥራ ቦታዬ መጣችና እውነቱን ነገረችኝ። ሽንት ቤታችን ታች ጓሮ ነው፤ ሁለት ጣውላ፣ መሃሉ ቀዳዳ። ቁጢጥ ማለት ይጠይቃል። እማማ ደግሞ ቁጢጥ ካሉ መነሳት አይችሉም። አንድ ቀን ግድግዳውን ይዘው እስኪነሱ ዝናቡ አባርቶ እንደገና ጀምሮ ነበር አለችኝ። ሰው መጥራት አፈሩ። ስለዚህ የራሳቸውን መድኃኒት አገኙ፤ ያልገባ አይወጣም።

እስቲ ፍረዱ። ሃያ ዓመት ሙሉ የቦንጋን ሰው ሳስቀምጥና ሳስተኛ የኖርኩ አናጢ፣ በገዛ ቤቴ አንዲት አሮጊት መቀመጫ አጥታ በጥም ትሙት? ተናደድኩ። እኔ ሳዝን የምናደድ ሰው ነኝ፤ ሁለቱን ለይቼ አላውቃቸውም።

ዋንዛ አወጣሁ። የሚያስደግፍ፣ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ መቀመጫው መሃል ላይ ቀዳዳ የሆነ፣ በጣውላዎቹ ላይ የሚቆም ወንበር አሰብኩ። ከላይ ከስስ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ክዳን ይኖረዋል፤ ሲፈለግ ይነሳል። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ቁመቱ ልክ ካልሆነ ሰው አያስነሳም፣ አማቱን በሜትር የሚለካ አናጢ ደግሞ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ሰለልኳቸው። ዝቅ ካለችው ዱካቸው ላይ ሲነሱ ያቃስታሉ። ከአልጋ ላይ ሲነሱ ዘነበችን ይጠራሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አግዳሚ ላይ ሲነሱ ግን፣ ጸጥ። በማግስቱ ሄጄ አግዳሚውን መለካት ጀመርኩ። አንድ ቄስ መጡ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"አግዳሚውን እየለካሁ ነው አባ።"

"ለምን?"

"ከእሱ ላይ ሰው እንዴት በቀላሉ እንደሚነሳ ላውቅ።"

"ስብከት ሲረዝም ይነሳል" ብለውኝ ሄዱ።

ወንበሩ አምሮ ወጣ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ሰም ቀባሁት፣ ግራ መደገፊያው ሥር ስሜን ቀረጽኩ። ልሞክረው ደጅ ላይ ስቀመጥ ጎረቤቴ በአጥር አንገቱን አስግጎ "ነገሥክ እንዴ?" አለኝ። "ግባና እጅ ንሳ" አልኩት።

ከዚያ ወስጄ ቦታው ላይ አቆምኩት። ዘነበች እናቷን ደግፋ ወረደች። እኔ ከጣውላው ክምር ጀርባ ሆኜ ምርቃት እጠብቃለሁ። ምርቃቱ መጣ፣ በካፊኖኖ። እማማ እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ቋንቋቸውን ይቀይራሉ፤ እኔም እዚሁ አገር፣ ዋጫ ከተማ ተወልጄ በዚያው ቋንቋ አልቅሼ እንዳደግሁ ይረሱታል።

"አማቼ! አማቼ መቀመጫዬን ለካው! በምን ዓይኔ አየዋለሁ!"

ሳይቀመጡበት ተመለሱ። ያን ቀን ከንፈራቸውን ሻይ እንኳ አላስነኩም። ማታ ለበሩ መቃን እንዲህ አሉት፦ "ዘነበች፣ ቅዳሜ ሺሺንዳ እገባለሁ፣ ቤቴ ይሻለኛል።" ቤታቸው ማንም የለም። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከእኛው ይርቃል፣ ያውም ቁልቁለት ነው።

"ጥፋቱ የወንበሩ አይደለም" አለችኝ ዘነበች። "የአንተ መሆኑ ነው። መንግሥት ቢያመጣው ኖሮ ትቀመጥበት ነበር። አጎበር ሞቀኝ ብላ እምቢ ስትል ቆይታ፣ ከመንግሥት ነው ስንላት አይደል የተኛችበት?"

ወደ ትዕግስት ሮጥኩ። "ከመንግሥት ነው ብለሽ አምጪላቸው" አልኳት። ልጅቱ መጥታ ወንበሩን አየች፣ ተቀመጠችበት፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስንት ቤት ያስፈልጋል! ግን እኔ አልዋሽም። ቢሮ ይይልዎት፣ በንብረትነት ይመዝገብና በእጄ ይስጡኝ። ያኔ እውነት ይሆናል፤ ራሴ አመጣላቸዋለሁ።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ አራት ቀን ነው የቀረው።

ወንበሩን ባጃጅ ላይ ጫንኩት። ሾፌሩ በመስታወት እያየ "ጋሼ፣ ለሙሽራ ነው?" አለኝ።

"ለአማቴ።"

"ወይ ጉድ! እንዴት ያሉ አማች ነዎት!"

"ለሽንት ቤት ነው።"

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፣ ስሙ ረጅም ስለሆነ ነው። የሂደት አስተባባሪ የሚባል ወጣት ተቀበለኝ።

"ምንድነው?"

"ወንበር ነው።"

"ፈጠራ ነው?"

"እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"ፕሮፖዛል አለው?"

"እግር አለው። አራት።"

"በጽሑፍ አቅርቡ" አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። መጻፍ አይችልም ብሎ ሊገላገለኝ ከሆነ አላወቀኝም። ኮሪደሩ ላይ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። "አሮጊቶች ውሃ የማይጠጡት ስላልጠማቸው አይደለም። ሽንት ቤት ተቀምጠው መነሳት ስለማይችሉ ነው። ይሄ ወንበር ያስነሳል። እዩት።" አራት መስመር። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር ካለ እኔ አላውቀውም።

ጸሐፊዋ አንብባ ደነገጠች። "ጋሼ፣ ይሄማ ለቢሮ ይከብዳል፤ ላስተካክልልዎት" ብላ በኮምፒውተር ጻፈችው። ሲወጣ አንድ ገጽ ሆኖ "የአረጋውያንን የመጸዳጃ አገልግሎት ተደራሽነት ከማሻሻል አኳያ" ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። አሮጊቶቹ የሉም። ውሃውም የለም። ወንበሩ ራሱ ገጹ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፣ ያውም "ግብአት" ተብሎ።

"ኮሚቴ ያየዋል፤ ዕቃውን ትተው ይሂዱ" አሉኝ። ረቡዕ ሄድኩ፤ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው። ሐሙስ ሄድኩ፤ ኮሚቴው ከስብሰባ ወጥቶ ሌላ ስብሰባ ገብቷል። ቤት ስመለስ እማማ ልብሳቸውን በነጠላ እየቋጠሩ ነበር። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ለመቃኑ "ዘነበች፣ እማማ አንድ ሳምንት ይታገሱ በያቸው" አልኩት። መቃኑ መልስ አላመጣም።

ዓርብ ጠዋት የቢሮው ዘበኛ በር ላይ ጠበቀኝ። "ወንበርህ አደገች" አለኝ። "ስብሰባ አለ፣ አዳራሽ ወስደዋታል።"

እየሮጥኩ ገባሁ። አዳራሹ ከየሰፈሩ በተጠራ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። መጀመሪያ ያየሁት ባነሩን ነው፤ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ሳላነብ የማልፈው ነገር የለም። "ንጽሕናው የተጠበቀ መጸዳጃ ለሁሉም" ይላል። ከባነሩ ሥር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ አራት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በአራቱ መሃል የአማቴ ወንበር። አበባ ያለው ጨርቅ አልብሰውታል። በጨርቁ ላይ የክብር እንግዳው ተቀምጠዋል።

እንግዳው ከሩቅ የመጡ፣ በዕድሜም በሥጋም የሞሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ክዳኑ ግን ኮምፔንሳቶ ነው። እንዲነሳ ነው እንጂ እንዲቀመጡበት አልተሠራም። እንግዳው ስለ መጸዳጃ ጥቅም በሰፊው እየተናገሩ ነው፣ ክዳኑ ደግሞ በራሱ ቋንቋ "ቂጥ... ቂጥ..." እያለ ያጅባቸዋል። የእንጨት ሰው የእንጨት ጭንቀት ይሰማዋል። እጄን አወጣሁ።

"ጥያቄ በመጨረሻ" አለ መድረክ መሪው።

"ጥያቄ አይደለም፤ አደጋ ነው።"

"አደጋም በመጨረሻ።"

ቀጭ!

እንግዳው አራት ጣት ያህል ወደ ታች ዝቅ አሉ። ዓረፍተ ነገራቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ መጣ፣ ቀጥሎ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ዕረፍት። ጠርዙን ያለሰለስኩት ለዚያ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ቀጠሉ፣ ሃያ ደቂቃ። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።

ሲጨርሱ ሁለት ረዳቶች እንደ ልማዳቸው ሊያነሷቸው ግራና ቀኝ ሮጡ። እንግዳው ግን መደገፊያዎቹን ያዙና ብቻቸውን ብድግ አሉ። ረዳቶቹ አየር ጨብጠው ቀሩ። እንግዳው ዞረው ወንበሩን አዩት፣ ጉልበታቸውን አዩት፣ እንደገና ወንበሩን አዩት።

"ይህን የሠራው ማነው?"

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። መልሱ ግራ መደገፊያው ሥር ተቀርጿል። "እኔ ነኝ" ብዬ ባበቃ በዚያው ሰዓት የቢሮ ወንበር ሥራ ሁሉ የእኔ ይሆን ነበር። ግን ነገ ቅዳሜ ነው።

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አልኩ ተነስቼ። "የስብሰባ ወንበር ግን አይደለም። ጨርቁን ያንሱት።"

ጨርቁ ተነሳ። አዳራሹ ቀዳዳውን አየ፣ ባነሩን አየ፣ እንግዳውን አየ፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥርስ የሌለው ሁሉ ድዱን አሳየኝ። የሂደት አስተባባሪው ፊቱን በፋይል ሸፈነ። የጎረቤቴ ድምፅ ከኋላ "ንጉሥ ሺ ዓመት ንገሥ!" ሲል ሰማሁት።

"ሳቁ" አልኳቸው። "ሳቃችሁን ጨርሱና እናቶቻችሁ ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጡ ንገሩኝ።"

ከዚያ ስለ ሁለቱ ጣውላዎች፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተሰነጣጠቀው ከንፈር ነገርኳቸው። የማንም ስም አላነሳሁም፤ አንዲት አሮጊት ነው ያልኩት። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ጠፋ።

እንግዳው ማይኩን አውርደው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ "እናቴም በመጨረሻዋ ዓመት አይጠማኝም ትል ነበር" አሉ። "እኛም እሺ እንላት ነበር።"

ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ባልቴት ዱላቸውን አነሱ። "ልጄ፣ እኔም አይጠማኝም።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። "ለኔ ግን ዝቅ አድርገው፤ አጭር ነኝ።" ከዚያ ሌላ ዱላ ተነሳ። ከዚያ ሌላ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ፍጥነት ተማረ። ለካ መቻሉን ይችላል! ንብረት ክፍል መዝገቡን አውጥቶ "ወንበር፣ አንድ፤ ጉድለት፦ መሃሉ የተቀደደ" ብሎ መዘገበ። ቀይ ቀለም አምጥተው ጀርባው ላይ ቁጥር ጻፉበት። ከዚያ የንብረት ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ግራ መደገፊያው ሥር አየ።

"ይሄ ስም ምንድነው? የመንግሥት ንብረት ላይ የግለሰብ ስም አይኖርም። ያጥፉት።"

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል። ትዕግስት ወንበሩን ልትረከብ ቆማለች። መሮዬን አወጣሁ። ፊደል በሕፃንነቱ የቆጠረ ሰው ይህን አያውቀውም፤ ለእሱ ስም ማለት ሰው የሚጠራበት ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ፊደል ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለመፋቅ ሦስት ደቂቃ አልወሰደም። ቸኩዬ ፋቅኩት።

ትዕግስት ያንኑ ምሽት፣ ገና ሳይጨልም፣ ወንበሩን አስይዛ መጣች። እኔ ሥራ ቦታዬ ገብቼ አንድ የተስተካከለ ጣውላ እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ። ጆሮዬ ግን ቤት ነው።

"እማማ፣ ይሄ ከመንግሥት ነው። ይፈርሙልኝ" አለች ትዕግስት።

እማማ ፊደል አያውቁም። ቀዩን ቁጥር ግን በጣታቸው ተከተሉት፤ ጤና ኬላው ወንበሮች ላይ አይተውታል። "ቁጥር አለው" አሉ።

"አለው እማማ።"

"እንግዲያው የመንግሥት ነው" ብለው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ዘነበች ደግፋቸው ወረደች። መላጊያዬን አቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ቆዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ብቻቸውን፣ ዘነበች ከኋላ እየተከተለች፣ ወጡ። ቤት እንደገቡ ማሰሮው ውስጥ ጣሳ ሲጠልቅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ። ደግሞ እንደገና። እኔ መሰንቆም ክራርም ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ጣሳ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ የሺሺንዳው ሚኒባስ ያለ እማማ ሄደ።

አዳራሽ የሆነው ነገር ጆሯቸው አልደረሰም ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። እናንተ ቦንጋን አታውቋትም፤ ላይ ሰፈር ብታነጥሱ ታች ሰፈር "ይማራችሁ" ይሏችኋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከወትሮው ዘግይተው፣ ከዚያች ዱላ ካነሱት ባልቴት ጋር ተያይዘው ነበር። ቀጥታ ወደ ጓሮ ወረዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዘነበች ገበያ ሄዳለች። እኔ በሩ ሥር፣ እማማ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠናል፤ በእጃቸው ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዘዋል። መናገር እንደፈለጉ ገባኝና ወደ መቃኑ ዞር ብዬ ጠበቅኩ። እማማ ግን መቃኑን አላዩትም። እኔን አዩኝ።

"ልጄ" አሉ።

ዘነበችን ካገባሁ በስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

"አቤት እማማ።"

"ያንን መንግሥት የሚሉትን ታገኘዋለህ?"

"አልፎ አልፎ።"

"እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ጉልበቴን ሳይነካ ጉልበቴን ያወቀ፣ እናቱ የባረከችው ነው በልልኝ።"

"እነግረዋለሁ።"

"አንድ ነገር ደግሞ።" ውሃውን እስከ ግማሽ ጠጡት፣ ሳይቸኩሉ። "በግራ በኩል፣ መደገፊያው ሥር፣ የተፋቀ ቦታ አለ። ስነሳ ጣቴን ይቧጥጠኛል። አንዳች ነገር ተጽፎበት ነበር መሰለኝ። ሲፍቀው ቸኩሏል።"

"ቸኩሎ ይሆናል፣ እማማ።"

"ጥሩ ሠራተኛ አይቸኩልም በለው" አሉና የቀረውን ጨለጡት።

በማግስቱ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቆ፣ መንግሥት ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጓሮ ወረደ።